ለአንድ ዳዶ ብቻ የበቃ ቅን ሐሳብ

አዋጅ! ጆሮ ያለህ በጆሮህ፣ ጆሮ የሌለህ በጎረቤትህ ጆሮ አድምጥ! የከተማው የብረት ቤተ ሙከራ የምድር ቤት ገዢ፣ የጨው ውሃው ባለሥልጣን፣ የቡሎንና የዳዶ ጠቅላይ አዛዥ የሆነው ጋሽ ዳዶ ከዛሬ ጀምሮ ከምድር ቤት ወጥቶ በላይኛው ፎቅ መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ እንዲቀመጥ ተፈቅዶለታል። ወንበሩ ይሽከረከራል። አጠገቡ መስኮት አለ፤ መስኮቱም ይከፈታል። የምትቀናም ቅና፣ የምትስቅም ሳቅ!

እርግጥ ይህን አዋጅ ያወጀ የለም። መለከት የሚነፋው ለትልልቆቹ ነው። ለጋሽ ዳዶ የተነፋለት ቢኖር የጽዳቷ እትዬ ባልዲዋን አስቀምጣ፣ «እንግዲህ ጉልበትህ ደረጃ ይልመድ» ያለችው ብቻ ነው። ነገር ግን ዙፋን የተመኘ ንጉሥ ሁሉ ተሰብስቦ ቢመጣ፣ ይህ ሰው ያንን ወንበር የተመኘውን ያህል መመኘቱ ያጠራጥራል። ምኞቱ ጌታ ለመሆን አልነበረም። ለመቀመጥ ነበር።

ጋሽ ዳዶ ሥራውን ለሰው ማስረዳት ካቆመ ቆይቷል። አውቶቡስ ውስጥ ጎኑ የተቀመጠ ሰው «ምን ትሠራለህ?» ካለው፣ «ብረት እቀቅላለሁ» ይላል።

«ይበስላል?»

«አንዳንዱ።»

ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል፤ እሱም የፈለገው ይህንኑ ነው።

ደግሞም አልዋሸም። መዳፍ የምታህል ቀጭን የብረት ዝርግ ትመጣለታለች። በሞርሳ ነክሶ እንደ ፈረስ ጫማ ያጎብጣታል። ከዚያ በሁለቱ ጫፎቿ መሃል ቡሎን ያሳልፍና ጀርባዋ እስኪወጠር ድረስ ዳዶውን በመፍቻ ይጠመዝዛል። እንደተወጠረች በመስታወት ዕቃ ውስጥ ባለ የጋለ የጨው ውሃ ይነክራታል። ከዚያስ? ከዚያማ እስክትሰነጠቅ መጠበቅ ነው። ብረት ተወጥሮ ብቻ ቢውል ይችለዋል። ጨው ውሃ ውስጥ ብቻ ቢዘፈዘፍም እንደምንም ይኖራል። ሁለቱ ሲተባበሩበት ግን አንድ ቀን ሳይታሰብ እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር ጀርባው ላይ ትታያለች። በተለይ ያ የማይዝግ እየተባለ የሚሞገሰው ብረት ጉድ ነው፤ አይጠቁርም፣ አይላጥም፣ አያቃስትም፤ እንዳጌጠ ይሞታል። ይህን ከሰው ኑሮ ጋር አመሳስሎ ግጥም ሊጽፍ ብዕር ያነሣ ካለ፣ እባክህን ብዕርህን አስቀምጥ። ብረቶቹ የራሳቸው ችግር ይበቃቸዋል።

ጋሽ ዳዶ በጉብዝናው ጊዜ ቁልፍ ሠሪ ነበር። የቤተ ሙከራው የምድር ቤት በር ተቆልፎ ቁልፉ ጠፋና ክፈትልን ብለው ጠሩት። ከፈተ። ከገባህ አይቀር ይህቺን መብራት ያዝልን አሉት። ያዘ። ይህቺን ዳዶ አጥብቅልን አሉት። አጠበቀ። በዚያው ቀረ። ሲመረው፣ «ሰው የዘጋውን በር ይከፍታል፤ እኔ የከፈትኩት በር ተዘጋብኝ» ይላል። የሚያስቅ መስሎት አይደለም፤ ሰዎቹ ግን ይስቃሉ።

በምድር ቤቱ የማያረጅ ነገር ቢኖር የእንፋሎቱ ሽታ ነው። ግድግዳው ላብ ያልበዋል። ከሰው ቁመት በላይ ያለችው ጠባብ መስኮት የምታሳየው የአላፊ አግዳሚውን ጫማ ብቻ ስለሆነ፣ ጋሽ ዳዶ የከተማውን ሕዝብ ከቁርጭምጭሚት በታች ጠንቅቆ ያውቀዋል። አለቃው ዶክተር ነው፤ ሰው አያክምም፣ የብረት ዶክተር ነው። በዕድሜ ያንሰዋል፤ «ጋሼ» ይለዋል፤ ሰው አያንቋሽሽም። በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የምትፈልጉ ካላችሁ ከወዲሁ እንዳትደክሙ፤ የደከመው ሰው አንድ ይበቃል።

ወንበሩን ከማግኘቱ በፊት የሚቀቅለው የመዋኛ ገንዳውን ብረት ነበር። ከተማው ጣሪያ ያለው አንድ የመዋኛ ገንዳ አለው። ቤቱ ሲታደስ ከባዱ ኮርኒስ በሚያብረቀርቁ የማይዝጉ ዘንጎች ከላይ ተንጠለጠለ። ከገንዳው የሚነሣው የክሎሪን እንፋሎት ደግሞ ቀን ከሌት ወደ ዘንጎቹ ይወጣል። ሌላ ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ኮርኒስ ሰው በሌለበት ጎህ ሲቀድ ውሃ ላይ ወረደ የሚል ወሬ ተሰማና ማዘጋጃ ቤቱ ሳይቃጠል በቅጠል ብሎ ዘንጎቹ ይመርመሩ አለ። ይሁን እንጂ ቅጠሉ እስኪገኝ ድረስ ገንዳውን መዝጋት ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። ውሃው ሞቋል፤ ሰው ይዋኝ።

ለጋሽ ዳዶ የተገባለት ቃል ግልጽ ነበር። ከዘንጎቹ ብረት የተቆረጡት ናሙናዎች ጊዜያቸውን ጨርሰው ሳይሰነጠቁ ከወጡ ጉዳዩ ይዘጋል፤ እሱም ወደ ፎቅ፣ ወደ ወንበሩ ይወጣል። ከተሰነጠቁ ግን ሙከራው በእጥፍ ናሙና እንደ አዲስ ይጀመራል። ይህን ሥራ ደግሞ ከእሱ በቀር የሚያውቀው የለም።

ገንዳው ውስጥ ሚስቱ ነበረች። ሁሌም አይደለም፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ። ዕድሜዋን ሙሉ የሆቴል አንሶላ ቆማ ስትተኩስ ወገቧ አለቀና ሐኪሙ ውሃ ውስጥ ተንቀሳቀሺ አላት። በመጀመሪያ አፈረች። ኋላ ግን ማክሰኞ ሲደርስ ከጠዋት ጀምሮ ማንጎራጎር ጀመረች። እቤት ጫማዋን ለማሰር እንኳ ግድግዳ የምትደገፍ ሴት፣ ውሃው ውስጥ እንደ ልጅ ትገላበጣለች፤ ሳቋ ደጅ ድረስ ይሰማል አሉ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለውን ተረት የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ማንም ግን ለሷ አልነገራትም።

አሁን ወደ ነውሩ እንምጣ።

በቡሎኑና በብረቱ መካከል የምትገባ የላስቲክ ሮንዴላ አለች። ውሃው ሲግል ላስቲኩ ይለሰልስና ዳዶው ይላላል። ስለዚህ በየሳምንቱ መጀመሪያ ናሙናዎቹን እያወጡ፣ እያጠቡ፣ ዳዶውን በብረቱ ላይ እስከተጫረችው ምልክት ድረስ መልሶ ማጥበቅ የሥራው ሕግ ነው። የላላ ናሙና አይወጠርም፤ ያልተወጠረ አይሰነጠቅም። ጨው ውሃ ውስጥ ተዘርግቶ ጡረታውን ይበላል።

የጋሽ ዳዶ የቀኝ እጁ አንጓ ደግሞ ካመመው ሰንብቷል። መፍቻውን ሲጠመዝዝ ክርኑ ድረስ እንደ መርፌ ይወጋዋል። ለማንም አልተናገረም። እጁ ታመመ የተባለ ሰው ወንበር አይሰጠውም፤ ይሰናበታል። በየሳምንቱ መጀመሪያ ጠዋት «ዛሬ ሁሉንም በደንብ» ብሎ ይጀምራል። የመጀመሪያዋን ናሙና፣ በሩ አጠገብ ያለችውን፣ ጥርሱን ነክሶ እስከ ምልክቷ ያደርሳታል። ሁለተኛዋ ላይ እጁ ይወጋዋል። ሦስተኛዋን ነካ ያደርጋታል። ከዚያ በኋላ ያሉትን በጣቱ እየዳሰሰ «ደህና ነሽ፣ አንቺም ደህና ነሽ» እያለ ያልፋል። ቅን ሐሳቡ ለአንድ ዳዶ ብቻ ይበቃ ነበር።

ጊዜው ደርሶ ናሙናዎቹ ለመጨረሻ ጊዜ ወጡ። ጋሽ ዳዶ ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ ከበሩ አጠገብ ጀመረ። የመጀመሪያዋ ጀርባ ላይ መስመር አለ። በጨርቅ ጠረገው፤ አልጠፋም። በብርሃን አዟዟራት፤ መስመሯ እንደ ሥር እየተከፋፈለች ወደ ውስጥ ትገባለች። ሌሎቹን አየ። ሌሎቹ እንደ መስታወት ጠርተው ፊቱን መልሰው አሳዩት። ፊቱን ማየት አልፈለገም።

የቤቱ ደንብ ስንጥቅ በሁለት ሰው ዓይን ይረጋገጥ ይላልና ዶክተሩ ተጠራ። አጎንብሶ አየ፤ ደግሞ አየ።

«ስንጥቅ ናት» አለ። «ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹ ምንም የላቸውም።»

«አንድም?»

«አንድም፣ ዶክተር።»

ዶክተሩ ናሙናዎቹን አንድ በአንድ በመነጽሩ አያቸው። ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀመጠና ግንባሩን ጠረገ። «እንግዲህ ይቺ ብቻዋን ነው የምትመሰክረው። ምናልባት ስትጎብጥ ተጭራ ይሆናል። ደርዘን ሙሉ አብሮ ተወጥሮ አብሮ ተቀቅሎ አንዷ ብቻ ከተሰነጠቀች፣ ጥፋቱ የብረቱ ሳይሆን የሷ ነው። ዳዶዎቹ ሁሉም በየሳምንቱ ጠብቀዋል አይደል?»

ጋሽ ዳዶ መፍቻውን በጨርቅ ያብሰው ጀመር። መፍቻው ንጹሕ ነበር።

«እንደተለመደው ነው» አለ።

አልዋሸም። የተለመደው እንደዚያ ነበር። እንዲህ ያለ እውነት ከውሸት የሚሻለው ሰው ሲምልበት አፉን ስለማያደናቅፈው ብቻ ነው። ዶክተሩ «በል እንግዲህ» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው፤ ለማዘጋጃ ቤቱም ዘንጎቹ ደህና ናቸው ተባለ። ጋሽ ዳዶ ወደ ላይ ወጣ።

ወንበሩ እንደተባለው ይሽከረከራል። ሥራው የድሮ ናሙናዎችን በሣጥን መደርደርና የመጣ ሰው ሲጠይቅ አውጥቶ ማሳየት ነው፤ የመጣ ሰው ግን አልነበረም። በመስኮቱ አሻግሮ ሲያይ ሰዎቹ ከጫማቸው በላይ ፊትም እንዳላቸው አወቀና ብዙም አልተደሰተም። እንቅልፍ ይወስደኛል ብሎ የጠበቀው ሰውዬ ዓይኑ እንደ ዓሣ ፈጥጦ ዋለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ማክሰኞ አመሻሹ ላይ ሚስቱ ፀጉሯ እንደረጠበ ገባች። ቦርሳዋን ወረወረችና ምንም ሳትደገፍ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች።

«አየኸኝ?» አለችው። «ጎንበስ ስል አየኸኝ?»

«አየሁሽ።»

«አሁንስ ደግሞ በጀርባ መንሳፈፍ ለመድኩ። ዝም ብሎ መተኛት ነው፤ እንዳንተ ወንበር። ቀና ብዬ ኮርኒሱን ሳይ ነው የምውለው። አንዱ ክዳን ለመብራት ጥገና ተነሥቶ ያ ያንተ ብረት ይታያል፤ እንዴት ያበራል መሰለህ! ለሴቶቹ ባሌ ነው የመረመረው አልኳቸው።»

«ምን አሉሽ?»

«ምን ይሉኛል፤ ደፋር ባል አለሽ አሉ።» ሳቀች። «ምነው? እጅህን ታሻለህ እኮ።»

«ብርዱ ነው።»

«ብርዱን ከምድር ቤት ይዘህ ወጣህ? ሰው ወንበር ሲያገኝ ይወፍራል፤ አንተ እንደ ክር ቀጠንክብኝ።»

በሚቀጥለው ማክሰኞ «እሸኝሻለሁ» አላት። ተገረመች፤ ግን ደስ አላት። ጋሽ ዳዶ ጫማውን አውልቆ በገንዳው ዳር ካለው አግዳሚ ላይ ሱሪውን ጠቅልሎ ተቀመጠ። የክሎሪኑ ሽታ አፍንጫውን ሰነፈጠው። እንፋሎቱ ሲወጣ በዓይኑ ተከተለው፤ ክዳኑ በተነሣበት ቀዳዳ ገብቶ ጠፋ። እዚያ አንዲት ዘንግ ትታያለች። ጫፏ ላይ ዳዶ አለ። ጋሽ ዳዶ ሌላ ነገር ባያውቅ ዳዶ ያውቃል፤ ከሮንዴላው በላይ የወጣውን የቡሎን ጥርስ አየ። እስከ መጨረሻው የጠበቀ ነው። ያንን ያጠበቀው ሰው እጁን አላመመውም። ሥራውን በደንብ ሠርቶ፣ እጁን ጠርጎ፣ ወደ ቤቱ ሄዷል። ዘንጓ ያንን ሁሉ ኮርኒስ ይዛ ተወጥራለች፤ እንፋሎቱም ይልሳታል።

እዚያ ላይ ያለችው ዘንግ በሩ አጠገብ የነበረችው ናሙና ናት። እንደ ዘንጓ የተወጠረች ያቺ ብቻ ነበረች። ሌሎቹማ መቼ ተፈተኑ?

ከሥሩ ሚስቱ በጀርባዋ ተንሳፍፋ እጇን ታውለበልብለታለች። «አንተ ሰውዬ፣ ፈገግ በል እንጂ! ሰዎቹ ቀብር የመጣህ ይመስላቸዋል!»

ጋሽ ዳዶ ፈገግ አለ። ጫማውን አጠለቀና ወደ ቤተ ሙከራው ሄደ።

ዶክተሩ ኮቱን ለብሶ ሊወጣ ሲል አገኘው።

«ዶክተር፣ ያልተሰነጠቁት ስላልተወጠሩ ነው።»

«ምን ማለት ነው?»

«ዳዶዎቹን አላጠበቅኳቸውም። እጄን ያመኛል። በደንብ ያጠበቅኩት የመጀመሪያዋን ብቻ ነው፤ የተሰነጠቀችውን።»

ዶክተሩ ኮቱን እንደለበሰ ተቀመጠ። «ጠይቄህ ነበር እኮ፣ ጋሼ።»

«እንደተለመደው ነው አልኩ።»

«የድሮዎቹስ ሙከራዎች?»

«ያን ጊዜ እጄ ደህና ነበር።»

«ታዲያ አሞኛል አትለኝም ነበር?»

«ብልዎ ወንበሩን ይሰጡኝ ነበር?»

የተቆጣ ሰው ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ቁጣ ያልፋል። ዶክተሩ ግን እንደደከመው ሰው ኮቱን አወለቀና ስልኩን አነሣ።

የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ድምፁ ትልቅ ስለነበር ጋሽ ዳዶም ሰማው።

«ተሰንጥቋል ነው የምትሉን?»

«አይደለም፤ ደህና ነው ያልነው ውድቅ ነው። እንደገና እንጀምራለን። እስከዚያ ገንዳው ቢዘጋ…»

«ተሰንጥቋል ካላላችሁ በምን ምክንያት ልዝጋው? ሕዝቡ ምን ይለኛል?»

«ገና አናውቅም እያልኩህ ነው!»

«እንግዲያው ስታውቁ ንገሩን።»

አለማወቅ እንዲህ ያለ ጠንካራ ምሰሶ ነው፤ አይዝግም፣ አይሰነጠቅም፣ ስንት ኮርኒስ ተሸክሞ ይኖራል።

ጋሽ ዳዶ ወደ ምድር ቤት ወረደ። የጽዳቷ እትዬ ደረጃው ሥር አገኘችው።

«ምነው፣ ወንበሩ አልተስማማህም?»

«ይሽከረከራል። አዞረኝ።»

«እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለችና ውሃዋን ደፋች።

የከበደው እቤት ነበር። «ለጊዜው አትሂጂ» ሲላት፣ ሚስቱ የታጠበ ሳህን ይዛ ዞረች። ነገሩን ሁሉ ነገራት፤ እጁንም፣ ዳዶውንም፣ ለዶክተሩ «እንደተለመደው» ያላትንም ቃል።

«እስከ መቼ ነው የማልሄደው?»

«ብረቶቹ እስኪሰነጠቁ።»

«ሲሰነጠቁስ?»

«ያን ጊዜማ ገንዳው ይዘጋል።»

«ካልተሰነጠቁስ?»

«እስኪሰነጠቁ እንጠብቃለን።»

«እንዲህ ያለ ብልሃት ከየት አመጣኸው?» አለች። «ሁለቱንም በር ቆልፈህብኝ ስታበቃ ቁልፍ ሠሪ ነኝ ትላለህ?»

መልስ ሳትጠብቅ እጁን ሳብ አድርጋ አንጓውን አየችው፤ አብጧል። «ይህን ይዘህ ነው ዝም ያልከው» አለች፤ ይህ ስድብ ይሁን ሌላ ነገር ዛሬም ድረስ አልገባውም።

አንድ ማክሰኞ ቀረች። ሁለተኛውንም ቀረች። ወገቧ ተመልሶ ደረቀ፤ ጫማዋን እሱ ያስርላት ጀመር። ማንጎራጎሩ ቆመ። በሦስተኛው ማክሰኞ በሩ ላይ ቦርሳዋን አንግታ ቆመች።

«ሰማህ?» አለችው። «ኮርኒሱ ቢወድቅ አንድ ቀን ነው። ይህ ወገብ ግን በየቀኑ ነው የሚወድቅብኝ።» ሄደች። እሱም አልከለከላትም፤ መከልከል ጉልበት ይጠይቃል።

አሁን ጋሽ ዳዶ ምድር ቤቱ ውስጥ ነው። ናሙናዎቹ በእጥፍ ሆነዋል። ዶክተሩ አንዳንዴ ወርዶ መፍቻውን ያግዘዋል፤ ሌላ ጊዜ ስብሰባ አለበት። ጋሽ ዳዶ ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ ሁሉንም እስከ ምልክታቸው ያጠብቃቸዋል። ቅን ሐሳቡ ከፊት አልቆ የኋለኞቹ እንዳይከዱ ሲል አንዳንድ ሳምንት ከመጨረሻዋ ይጀምራል። ድሮ እንዳትሰነጠቁ እያለ የሚለማመጣቸውን ዛሬ «ተሰንጠቁ እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ!» ብሎ ይቆጣቸዋል። እነሱ አይቸኩሉም። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሲሆን ቀና ብሎ በጠባቧ መስኮት ጫማዎቹን ያያል፤ የሷን ጫማ ወደ ገንዳው ሲሄድ ያውቀዋል። ከዚያ የሚመለስበትን እስኪያይ ሥራ አይሠራም።

አንተም አንባቢ፣ ብዙ አንጠይቅህም። ጣሪያ ያለው ገንዳ ውስጥ ገብተህ በጀርባህ ስትንሳፈፍ፣ ቀና በልና ያ ማብረቅረቁን ተመልከት። ከጎንህ ደግሞ ሳቋ ደጅ ድረስ የሚሰማ፣ ጫማዋን ባሏ የሚያስርላት አንዲት ሴት ብታገኝ፣ ሳቋን ሳታቋርጥባት፣ ምንም ሳትነግራት፣ ቀስ አድርገህ ወደ ዳር፣ ወደ በሩ በኩል፣ እስቲ ትንሽ ገፋ አድርጋት…